የዳንቴል በጀት ዓመት

በቦሌ፣ በገርጂና በሰሚት ሳሎኖች ዳንቴል የምትሠራ ሴት እንቁጣጣሽን እንደ መሥሪያ ቤት ትቀበላለች። መስከረም 1 ቀን ዕቅዱ ይጸድቃል፦ አንድ የአልጋ ልብስ፣ ሙሉ የሶፋ ልብስ፣ ለነፍሰ ጡሯ እህት ልጅ ደግሞ ኮፍያ።

የአልጋ ልብሱ ሜጋ ፕሮጀክት ነው። የመሠረት ድንጋዩ፣ ማለትም የመጀመሪያዋ አበባ፣ በኪሮሽ ተሠርታ ፎቶዋ በቴሌግራም ለዘመድ አዝማድ ይዳረሳል። የቀሩት አበቦች “በሂደት ላይ” ናቸው። አይፈረድባትም። አገሪቱም ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በዘለቀው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የባቡር ሐዲድ አቅዳ፣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲው መስመር እንኳ የተመረቀው ዕቅዱ ካለቀ በኋላ፣ በ2009 ነው።

ጳጉሜን የግምገማ ወር ናት። አምስት ቀን ለዚህ ሁሉ ተግዳሮት አይበቃም፤ መብራት ጠፋ፣ ክር ተወደደ፣ እንግዳ በዛ። ደግነቱ በየአራት ዓመቱ፣ እንደ 2015ቱ፣ ስድስተኛ ቀን ይጨመራል፤ ሪፖርት ለማሳመር እንጂ ኪሮሽ ለማንሳት አይደለም። ኮፍያው “ወደ ቀጣዩ ዓመት ተሸጋግሯል”። ሕፃኑ ግን ኬጂ ገብቷል።

መቶ በመቶ የተከናወነው የቴሌቪዥኑ ዳንቴል ብቻ ነው። ጫፉ ዙሪያውን ተጠልፎ፣ በስታርች ደርቆ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ችግሩ ቴሌቪዥኑ እንደ ድሮው ሣጥን መሆኑ ቀርቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ዳንቴል የሚያርፍበት ጀርባ የለውም። ስለዚህ የዋይፋዩን ሣጥን አለበሰችው።

ኢንተርኔቱ በተቆራረጠ ቁጥር ባልየው መጀመሪያ የሚያነሳው ዳንቴሉን ነው።