ማውሱ በመምህሩ እጅ

ካርል ዋይማን የፊዚክስ ኖቤልን በተሸለሙ ማግሥት፣ በ2002 እ.ኤ.አ.፣ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ፌት (PhET) የተሰኘውን የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ፕሮጀክት መሠረቱ። ዓላማው ተማሪው ራሱ እየነካካ፣ እያበላሸ፣ መልሶ እየሠራ እንዲማር ነው። ክፍያ የለውም፤ አንዴ ከወረደ ደግሞ ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሠራል።

የእኛ መምህር ይህን አገኘና «ለክፍላችን ላስማማው» አለ። አስማማውም። አንደኛ ክፈቱ፣ ሁለተኛ ባትሪውን ጎትቱ፣ ሦስተኛ ገመዱን አገናኙ እያለ የሚወርድ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት አባዛ። ከወረቀቱ ግርጌ «ከታዘዘው ውጪ መንካት ክልክል ነው» ይላል።

በኤሌክትሪክ ሲሙሌሽኑ ውስጥ ባትሪውን ሾርት ያደረገ ተማሪ እሳት ሲንቦገቦግ ያያል። የማንም እጅ አይቃጠልም፤ ትምህርቱ ግን አይረሳም። መምህሩ ይህችን ዘለላት፤ ጊዜ የለማ! ከዕቃዎቹ መካከል ሰርኪዩቱ ላይ የሚቀጠል ውሻም አለ፤ ቮልቴጁ ሲበዛበት ይጮኻል። «ቲቸር፣ ውሻው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ «ፈተና ላይ አይመጣም» ተባለ። የልጁ ጥያቄ ከወረቀቱ ጥያቄዎች ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ፕሮጀክተር ሲገኝ ነገሩ ይብሳል። የሲሙሌሽኑ ፔንዱለም ግድግዳው ላይ ይወዛወዛል፤ ክፍሉ ሙሉ ተማሪ የቆመ ፔንዱለም ደብተሩ ላይ ይሥላል። በ1997 ዓ.ም. ግድም ትምህርት የሚያስተላልፈው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ክፍል ሲገባ «አይጠብቅም፣ ጥያቄ አይቀበልም» ብለን ስንቱን አማረርን! አሁን መምህሩ ራሱ ፕላዝማ ሆኗል። ፕላዝማው እንኳ አይቆጣም ነበር።

አንድ ላፕቶፕ ለስንት ይዳረሳል? እውነት ነው። ግን አንዱም ይበቃል፦ «ሦስተኛ አምፖል በተከታታይ ብንጨምር ብርሃኑ ምን ይሆናል?» ብሎ እጅ ማስወጣት፣ ማከራከር፣ ከዚያ አንዷን ተማሪ ጠርቶ ማስሞከር። እዚያው ኮሎራዶ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በሲሙሌሽን የተለማመዱ ተማሪዎች እውነተኛውን ሰርኪዩት ገጥሞ በማስረዳት በእውነተኛ ዕቃ ከተለማመዱት በልጠው እንደተገኙ ያሳያል። የተለማመዱት ግን በገዛ እጃቸው ነው።

እባክዎ መምህር፣ ማውሱን ይስጧቸው። ባትሪው ቢቃጠልም በሞዴል 22 ፈርመው ያወጡት ንብረት አይደለም።