የጣሪያው ባለርስት

ቶሮንቶ ውስጥ ቤት የገዛ ሰው የባንኩን ዕዳ ሲገፋ ይኖራል፤ ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍል ግን ራኩን ያለ ብድርና ያለ ወለድ ወርሶታል። ከተማዋ ይህን ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል እንስሳ ከምግብ ትራፊ ለማራቅ በ2016 እ.ኤ.አ. ልዩ መቆለፊያ ያለው የቆሻሻ መጣያ ማከፋፈል ጀመረች። ወጪው 31 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንዳንዶቹ ራኩኖች መጣያውን ገልብጠው ሲከፍቱ በካሜራ ተቀረጹ። እነሱ አከፋፈቱን ለመማር የከፈሉት ሳንቲም የለም።

«ይዤ ሩቅ ጫካ እጥለዋለሁ» የሚል ጀግናም አይጠፋም። የኦንታሪዮ ደንብ ግን ከተያዘበት ቦታ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ መውሰድን አይፈቅድም። 1 ኪሎ ሜትር ደግሞ ለራኩን የእራት ሽርሽር ነው።

ወደ ጣሪያው የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈንስ? በጸደይ ከጣሪያው ሥር ግልገሎች ሊኖሩ ይችላሉ። እናቲቱን ውጭ አስቀርቶ የዘጋ ሰው ጣሪያው በእናት ጥፍር ሲቦጫጨቅ ይሰማል። ስለዚህ ተከራዩ፣ ይቅርታ፣ ባለቤቱ ልጆቹ በእግራቸው እናታቸውን እስኪከተሉ ይታገሣል፤ ከዚያ ወደ ውጭ ብቻ የሚያስወጣ በር ይገጥምላቸዋል። ሁሉም መውጣታቸውን ሲያረጋግጥ ቀዳዳውን በጠንካራ የብረት ወንፊት ይዘጋል፤ ጭስ ማውጫውን ይከድናል፤ ጣሪያውን የተጠጋውን ቅርንጫፍ ያስቆርጣል። በቀጭን የዶሮ ሽቦ የሚቆጥብ ካለ ይቆጥብ፤ ይቀደድለታል።

ይህን ሁሉ ፈጽመው ሲጨርሱ የጎን ጎረቤትዎን ሞቅ አድርገው ሰላም ይበሉት፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ እንግዳ የሚቀበለው እሱ ነው።