ስድስት ስም፣ አንድ እጅ

ሁለተኛ ዲግሪውን ብቻውን የሚማር ሰው ያሳዝነኛል። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ያነባል፤ ያነበበውን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ስሕተት ቢገኝበት የሚያላክክበት ሰው እንኳ የለውም። እኛ ግን ተመስገን፣ የምንማረው በኅብረት ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ መምህራችን «ግሩፕ ያዙ» ሲሉ ስድስት ሆንን። ከክፍሉ ሳንወጣ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ተከፈተ፤ ስሙም «የነገ ዶክተሮች» ተባለ።

መቼም መተባበር ለአገራችን ብርቅ አይደለም። ገበሬው ደቦ አለው፤ ጎረቤት ተጠርቶ የአንዱን ማሳ ያጭዳል፣ ባለማሳው ጠላውን ጠምቆ ያበላል፣ ያጠጣል። እኛ አሻሻልነው። በአባቶቻችን ደቦ ብዙዎች ለአንዱ ይሠሩ ነበር፤ በእኛ ደቦ አንዷ ለብዙዎች ትሠራለች። ጠላውን የምንጠጣው እኛው ነን፤ እሷ ጊዜ የላትም።

እሷ ያልኳት የግሩፓችን ሠራተኛ ናት። ቀን ባንክ ትውላለች፤ ማታ ልጇን አስተኝታ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ፓወርፖይንቱን ታሰናዳለች። የእኛ የአምስታችን ድርሻ ታዲያ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዱ ሐሙስ ማታ ብቅ ብሎ «ጓዶች፣ የት ደረስን?» ይላል፤ አስተባባሪያችን ነው። ሁለተኛው የአውራ ጣት ምልክት ይልካል። ሦስተኛው ለቅሶ አለበት፤ በአንድ ሴሚስተር ሦስት አጎት ቀብሯል፣ ነፍስ ይማር። አራተኛው የፕሪንቱን ይከፍላል፤ ይከፍላል ስል፣ «እከፍላለሁ» ይላል ማለቴ ነው። እኔ ደግሞ ስሜ ሽፋኑ ላይ በትክክል መጻፉን አጣራለሁ። አንድ ጊዜ ከመታወቂያ ቁጥሬ አንድ አኃዝ ተሳስታ አግኝቼ ክፉኛ ተቀይሜያታለሁ። ምሁር እኮ ለጥቃቅኑ ነገር ይጠነቀቃል።

የፕሬዘንቴሽን ዕለት ስላይዱን ተከፋፍለን እናነባለን። ጥያቄ ሲመጣ አምስታችንም ባንድ ጊዜ ዞረን እሷን እናያለን። እንዲህ ያለ መናበብ የትኛው የእግር ኳስ ቡድናችን አለው?

መምህራችንንም ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው። ክፍላችን ውስጥ 60 ተማሪ አለ። 60 ወረቀት ማረም ዓይን ያጠፋል፤ ለስድስት ሲካፈል ግን 10 ይቀራል። የኅብረት ትምህርት ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚል ሰው ከዚህች ማካፈል የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ማን ምን እንደ ሠራ እሳቸው አይጠይቁም፣ እኛም አንናገርም።

ደግሞ ለዚህ የበቃነው ዛሬ አይደለም። በ2000ዎቹ በየትምህርት ቤቱ «1 ለ 5» ተብለን የተደራጀን ልጆች ነን፦ አንድ ጎበዝ፣ አምስት ተከታይ። ጎበዙ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ እኛ ጠዋት ከሰልፍ በፊት እንገለብጣለን። ያን ጊዜ ቢያንስ የምንገለብጠው በእጃችን ነበር።

አንዳንድ ነቃፊ የቅኔ ቤቱን ያነሣብናል። እውነት ነው፣ እዚያም ትምህርቱ የኅብረት ነው። ነባሩ አዲሱን ያስቀጽላል፤ በየደጁ ለምነው በአኩፋዳ ያመጡትን ቁራሽ አብረው ይበላሉ። ቅኔውን ግን እያንዳንዱ የራሱን ቆጥሮ፣ መምህሩ ፊት ቀርቦ በራሱ አፍ ይነግራል፤ ሲበላሽበትም በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። ቁራሹን የጋራ፣ ቅኔውን የግል አደረጉት! ኋላ ቀርነት ካልሆነ ምን ይባላል? እኛ ቁራሻችንን በየግላችን ካፌ እንበላለን፤ የጋራ ያደረግነው ቅኔውን ነው።

ውጤት ተለጠፈ፤ ስድስታችንም ኤ። አስተባባሪያችን «ተባብረን ያመጣነው ድል» ብሎ ጻፈ። እሷ ምንም አልመለሰችም።

አሁን ያስጨነቀን የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ለየብቻችሁ ሥሩ አሉን! በኅብረት አስተምሮ አስተምሮ በመጨረሻው ሰዓት ሰውን ከወገኑ መነጠል ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? እሷም ይህን ሰምታ፣ ደኅና ሁኑ ሳትል ከቴሌግራሙ ወጣች፤ የራሷን ጀምራለች አሉ። እኛ ግን ተስፋ አልቆረጥንም። ከዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ምሰሶ ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ከነስልኩ ተለጥፎ አየን፤ ደወልንም።

ለአምስት ሰው ቅናሽ አለ።