ሆንዳ ያልጨረሰው ሞተር

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቢ 750 ሞተር ሳይክልን ለገበያ ሲያቀርብ አራት ሲሊንደሩን፣ የፊት ዲስክ ፍሬኑንና የኤሌክትሪክ ማስነሻውን አሟልቶ ነበር። ምን ያደርጋል፣ መሐንዲሶቹ ግራይንደር ማንሳት ረሱ! ደግነቱ ዛሬ በየጋራዡ ጉድለታቸውን የሚሞላ አማተር አልጠፋም።

ወዳጃችን መጀመሪያ የሻንሲውን ጅራት ይቆርጣል። ፓራፋንጎው ይወልቃል፤ ምቹው ወንበር ተነስቶ ጣውላ የሚያስመሰግን ቡናማ ቆዳ ይተካል። ዝናብ ሲጥል የኋላ ጎማው ጭቃውን ከወገብ እስከ ማጅራት ይረጭለታል፤ ይህም ስታይል ነው። ቀጥሎ የፋብሪካውን የፊልትሮ ሣጥን ነቅሎ በአራቱ ካርቡራተሮች ላይ አራት ሾጣጣ ፊልትሮዎች ይሰካል። አየሩ በዛ፣ ቤንዚኑ አነሰ፤ ጂግለሩ ካልተስተካከለ ሞተሩ ዳገት ላይ እንደ ሽማግሌ ይስላል። እሱ ግን «ድምፁ አማረ!» ይላል።

የዚህ ስታይል አባቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የለንደኑ ኤስ ካፌ ሞተረኛ ደንበኞች፣ የትራያምፍን ሞተር በኖርተን ሻንሲ ላይ አስረው «ትራይተን» ያሉትን ሲሠሩ፣ ሐሳባቸው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር መብረር ነበር። መሪውን ዝቅ ያደረጉትም ነፋስ እንዳይገፋቸው ነው። የእኛ ሰው ያንኑ ዝቅ ያለ መሪ ገጥሞ፣ ሆዱን በነዳጅ ጋኑ ላይ አስተኝቶ፣ የእጅ አንጓው እየታመመ በ40 ይነዳል። ፍሬቻ የለውም፤ ወዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው።

ሚስቱ «እኔስ የት ልቀመጥ?» ብትለው መልሱ ዝግጁ ነው፦ «አንቺ በአውቶቡስ ነይ፤ ቀድመሽኝ ትደርሻለሽ።»