እድምተኛን ከመንገድ የሚያስቀር የሰርግ ካርታ አሣሣል

ከሰርግ ጥሪ ጋር የሚላከውን፥ በእጅ የተሣለውንና በኅብረ ቀለም ያጌጠውን ካርታ አበላሽቶ ለመሥራት የሚሻ ሰው ቢኖር፥ ከሁሉ አስቀድሞ ለማን እንደሚሥል ይርሳ፤ የአዲስ አበባን ቅያስ ሁሉ ጠንቅቆ ለሚያውቀው ሚዜ ይሣለው እንጂ፥ በሰርጉ ዋዜማ ከጎጃም ለምትገባው ለሙሽራዪቱ አክስት፥ ወይም ከብዙ ዘመን በኋላ ከዋሽንግተን ለሚመለሰው አጎቷ አይሣለው። ስሕተቱ ሁሉ ከዚህ ከአንዱ ይወለዳልና፥ ይህን ያጸና ሰው የቀረውን ያለ ብዙ ድካም ይፈጽመዋል።

ቤተ ክርስቲያኑን ሲያመለክት «ማርያም» ብቻ ብሎ ይጻፍ። በከተማይቱ በእመቤታችን ስም የተተከሉት አድባራት ብዙዎች ናቸውና፥ የሰፈሩ ስም ካልተጨመረ አክስቲቱ ነጠላዋን አጣፍታ ገና ሳይነጋ ትነሣለች፥ በማታውቀው ደብር ታስቀድሳለች፥ የሌላ ሰው ልጅ አክሊል ሲደፋ አይታ ትመለሳለች። ደብሩንም ሁሉ ክብ፥ ጣሪያውንም ሣር ክዳን አድርጎ ይሣል፤ የአራዳው ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን፥ የቦሌ መድኃኔ ዓለምም ታላላቅ ጉልላቶች ከሩቅ ዐይን የሚይዙ ምልክቶች ስለ ሆኑ በሥዕሉ አይታዩ።

ሰዓቱን «2» ብሎ ይተወው፤ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ፥ ጠዋት ይሁን ማታ አይግለጥ። አጎትየው ከቀትር በኋላ መስሎት ሲመጣ ሥርዓተ ተክሊሉ ተፈጽሞ፥ ካህናቱም ተበትነው ያገኛል፤ ባሕር አቋርጦ ለመጣ ሰው ይህ በምንም የማይካስ ኀዘን ነው።

ሰርጉ ጥር 12 ቀን፥ ጌታ በሰርግ ቤት ውኃውን ወይን ባደረገበት በቃና ዘገሊላ መታሰቢያ ዕለት ቢውል፥ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ከጃን ሜዳ ወደ መንበሩ የሚመለስበትን መንገድ ፈጽሞ አያመልክት። ሕዝቡ በሆታና በዝማሬ ጎዳናውን ሞልቶ መኪና በማያልፍበት ሰዓት፥ የሙሽራዪቱን ቤት ደጅ ዘግተው «አናስገባም» ሊሉ የሚገባቸው እኅቶቿ ራሳቸው ከመንገድ ቀርተው፥ ሚዜዎቹ ያለ ተከላካይ ዘው ብለው ይግቡ። ለእንግዳ የሚያስብ ሠዓሊ ግን ያንን ጎዳና በቀይ ቀብቶ፥ ማለፊያውን በሌላ ቀለም ባሳየ ነበር።

ምልክቶቹንም ከልጅነት ትዝታው ይምረጥ፤ ፒያሳ ላይ በ2016 ዓ.ም. የፈረሰውን የዶሮ ማነቂያን ሰፈር ከነሥጋ ቤቱ ዛሬም እንደ ቆመ አድርጎ ይሣል። ለፈረሰ ሰፈር ፍቅር ማሳየት የተገባ ነው፥ እኔም እወደዋለሁ፤ ቦታው ግን በሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል እንጂ፥ እንግዳ ታጥፎ የሚገባበት ማእዘን አይደለም።

ሥዕላዊ ካርታ ርቀትን በልክ ባይመጥን ነውር የለበትም። በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙት፥ አክሱምን በማእከል አኑረው አውራጃዎቿን በክበብ ዙሪያ የደረደሩት ጥንታውያን ካርታዎች፥ ርቀት ሳይለኩ የትኛው አገር በየት ወገን እንዳለ ያስተምራሉ። ማበላሸት የሚሻ ሰው ግን ርቀቱን በማስመሪያ እየለካ የመታጠፊያውን ተራ ያፋልስ፤ ከመገናኛ አደባባይ በፊት ያለውን መታጠፊያ ከአደባባዩ ወዲያ ያኑረው።

በካርታው ጥግ የሚቀመጡትን ሙሽሮችም በጎን፥ በአንድ ዐይን ይሣላቸው፤ በቤተ ክርስቲያናችን አሣሣል ጻድቃን በሙሉ ፊት በሁለት ዐይን፥ ከሓድያን ግን በጎን በአንድ ዐይን ይሣሉ ነበርና፥ ይህን የሚያውቁ አያት ካርታውን አይተው ዝም ይላሉ። ከዚያም በሰፊ ወረቀት በቀጭን እርሳስ የተጻፈውን ሁሉ ወደ ጥሪው ካርድ መጠን ያሳንሰው፤ የአዳራሹ ስም ከመሬቱ ቀለም ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል።

ሳይታተም በፊት ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ካርታውን ይዞ መንገዱን እንዲሞክር አይላክ። መንገድ ለጠፋው እድምተኛ የስልክ ቁጥር የሚጻፍ ከሆነም የሙሽራው ቁጥር ይሁን፤ በዚያ ሰዓት እርሱ ካባ ለብሶ በካህናቱ ፊት ቆሟልና አያነሣም።