ኮከብ ይጠቅሳል፣ ፕላኔት ያፈጣል

የ2017 የገና ዕለት ማታ፣ 1 ሰዓት ተኩል ግድም፣ ከአዲስ አበባ ከመጣው የአክስቴ ልጅ ጋር ደብረ ታቦር ግቢያችን ውስጥ ጋቢ ደርበን ቆመናል። መብራት ድርግም አለ።

«እናንተ አገር መቼ ነው የሚነጋው?»

«ዝም ብለህ ቀና በል። የእናንተ መብራት ሰማይ ይጋርዳል፤ የእኛ ሲጠፋ ይገልጣል።»

«እኛ እኮ እንጦጦ ላይ፣ 3200 ሜትር ከፍታ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፕ አለን!»

«ከሥሩ ደግሞ አዲስ አበባ አምፖሏን ሁሉ ዓይናቸው ላይ ደቅናባቸዋለች። የእኛ የጉና ተራራ ከ4100 ሜትር በላይ ነው፤ አምፖል የሚደቅንበት የለም።»

«ክረምቱን ሙሉ ጭጋግ ተከናንቦ የሚተኛው ጉና?»

እዚህ ላይ ተረታሁ። በክረምት ከሚከበረው ከደብረ ታቦር በዓል ጋር ስም የምትጋራ ከተማ፣ በበዓሉ ዋዜማ ከቡሄ ችቦዋ በቀር ሰማይ ላይ የምታየው ብርሃን እምብዛም ነው።

«ለዚህ ነው በጥር በታኅሣሥ ና የምልህ። ይኸው፣ ፕላኔቶቹን እያቸው።»

«ከዚህ ሁሉ ኮከብ መሃል ፕላኔቱን በምን ትለየዋለህ? ኮከብ ቆጣሪ ሆንክ?»

«ኮከብ ይጠቅስሃል፣ ፕላኔት ያፈጥብሃል። ኮከብ እጅግ ሩቅ ስለሆነ ነጥብ ነው፤ ቀጭን ብርሃኑን አየሩ ያርገበግበዋል። ፕላኔት ግን ቅርብ ነው፤ ብርሃኑ ወፈር ስለሚል በቀላሉ አይነቃነቅም። ዓይን አውጣ በለው።» (አድማስ ላይ ዝቅ ሲል እሱም ይርገበገባል። ዓይን አውጣም የሚያፍርበት ቦታ አለ።)

«የት ልፈልገው?»

«ፀሐይና ጨረቃ የሚሄዱበትን መንገድ አይለቅም። ከምዕራብ ጀምረህ በጨረቃዋ በኩል እስከ ምሥራቅ ዓይንህን ጎትት። በሰሜን በኩል ዝቅ ብሎ የሚያበራውን ፕላኔት ነው ካልከኝ፣ የጎንደር መኪና ነው። ያ በምሥራቅ የቀላው ማርስ ነው፤ በ26 ወር አንዴ ይቀርበናል።»

«ብዙ አልቆየም።»

«ካንተ ይሻላል። ከአናታችን በኩል ጁፒተር። ባይኖኩላር ብታመጣ ኖሮ፣ ጋሊሊዮ በአውሮፓውያኑ 1610 ያያቸውን አራት ጨረቃዎች አሳይህ ነበር።»

«ለልጆቹ ከረሜላ ያላመጣሁትን ሰውዬ ባይኖኩላር ትለኛለህ?»

«በምዕራብ ደግሞ ከቬነስ በላይ ፈዘዝ ያለው ሳተርን ነው፤ ፀሐይን አንዴ ለመዞር 29 ዓመት ይፈጅበታል።»

«መንገድ ተቋራጭ ነው?»

«ቬነስን ግን እያት። ሲመሽ የምሽት ኮከብ፣ ሌላ ወራት ደግሞ ሊነጋ ሲል የአጥቢያ ኮከብ። አንድ ሆና ሳለ በሁለት ስም ተመዝግባ የስኳር ኮታ የምትወስድ እሷ ናት።»

«አሁን ብርድ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቼ አያታለሁ።»

«እኩለ ሌሊት ላይ ቬነስን አየሁ ያለ ሰው፣ ያየው የጎረቤታችንን አረቄ ነው። ፀሐይ ከገባች ቢበዛ ሦስት ሰዓት ግድም ቆይታ እሷም ትገባለች። ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ ግድም በላይ አትርቅማ!»

«47 ዲግሪ? ታዲያ አረቄው ራሱ ነው እንጂ!»