ሰው ለመሆኔ ምስክር ጥሩልኝ

እናንት የዕድሜ ጓደኞቼ፣ ስምንተኛው ሺህ ገባ ሲሉን ማን አመነ? ሰሞኑን ለጡረታዬ ጉዳይ ለአንድ ባንክ በቴሌግራም «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?» ብዬ በወጉ ጻፍኩ። ጣቴን ሳላነሳ መልስ መጣ፦ «ለሒሳብ 1ን፣ ለብድር 2ን ይጫኑ።» እግዜር ይመስገን የለ፣ ደህና የለ! «አባባ፣ ቦት እኮ ነው» አለችኝ የልጅ ልጄ፤ አንዴ የታዘዘውን ሌት ተቀን የሚደጋግም ፕሮግራም ነው አሉ። ድሮ በመስኮት የምታስተናግደን ወይዘሮ ግማሽ ቀን አሰልፋ «ነገ ና» ትል ነበር። ቁጣዋ እንኳ እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ነገም እንደምንኖር ተማምናብን እኮ ነው።

ዓይነቱስ መች አለቀ! የጎግሉ ቦት ገጽ ለገጽ እየዞረ ያነባል፣ ይመዘግባል። እንደ ፈረንጅ በ1994፣ በየድረ ገጹ ደጃፍ «ከዚህ አትለፍ» የሚል ጽሑፍ የሚለጠፍበት ሥርዓት ወጣ፤ ጨዋው አንብቦ ይመለሳል፣ ዱርዬው ምን ገዶት። አሜሪካ ውስጥ ቦቶች የኮንሰርት ትኬት ጠራርገው እየገዙ ቢያስቸግሩ በ2016 ሕግ ወጣባቸው። በዚያው ዓመት ሚራይ የሚሉት መዓት የየሰዉን ቤት ካሜራ ከፋብሪካ በወጣበት የይለፍ ቃል እየከፈተ፣ ሁሉንም አዝምቶ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት አሽመደመደ። ዊኪፔዲያ ላይ ባለጌ የጻፈውን እየተከታተለ የሚሰርዝ አለ፤ እሱስ ይሁን።

በእኛ ጊዜ ቦቱም ጨዋ ነበር! በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም አሜሪካ ውስጥ የሠራት ኤላይዛ የነገሯትን መልሳ እየጠየቀች አደብ ገዝታ ታዳምጥ ነበር። የሰውዬው ጸሐፊ ከእሷ ጋር ስታወጋ፣ ሠሪዋን ራሱን «እባክዎ ከክፍሉ ይውጡልኝ» እስክትል ድረስ!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን መጠርጠሬ ነው። «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ፤ የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ይምረጡ።» ቦት ለማጥመድ ነው አሉ። መብራቱን መረጥኩ፤ ምሰሶውስ ይቆጠራል? ጫፉ ብቻ ወደ ጎረቤት ሥዕል የዘለቀውስ? መነጽሬን ወልውዬ ብነካው «እንደገና ይሞክሩ» አለኝ። ክርስትና የተነሳሁ፣ ልጅ የዳርኩ ሰው!

ለማንኛውም የልጅ ልጄ ለእድራችን በቴሌግራም አንድ ቦት ሠርታልኛለች። ሰላምታ አብዝታበት ነበር፣ ጊዜ ይፈጃል ብዬ አስወጣሁት። መዋጮ ያልከፈላችሁ አባላት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ይጠይቃችኋልና 1ን ተጫኑ።